ስለ ልብ ምርመራ የሚጻፍ አሕጽሮት፤ ታሪኩና ዋዛው

በመሥሪያ ቤት ጥቂት ዓመት የሠራ ሰው ሁሉ «ታይቷል» የምትባለውን ቃል ያውቃታል። በደብዳቤው ኅዳግ ላይ በቀይ ቀለም ትጻፋለች፤ ከሥሯም አጭር ፊርማ ይከተላታል። ፊደሏ አራት ብቻ ሲሆን ትርጕሟ ግን ሁለት ነው። አንድ ጊዜ «ጉዳዩን ከራስጌው እስከ ግርጌው አንብቤ መርምሬዋለሁ» ማለት ትሆናለች፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ «ወረቀቱ በጠረጴዛዬ ላይ ሲያልፍ አይቼዋለሁ» ከማለት አታልፍም። ከውጭ ሆኖ ለሚያነባት ሰው ሁለቱ ትርጕሞች በምንም አይለዩም።

በሐኪሞችም ዘንድ የዚህች ቃል ዘመዶች የሆኑ ፊደላት አሉ። ይልቁንም ሐኪም የሰውን ልብ አዳምጦ ያገኘውን በበሽተኛው መዝገብ ላይ በሚጽፍበት ጊዜ ነገሩን ሁሉ በሦስት ወይም በአራት ፊደል ይጨርሰዋል። በእነዚህ ፊደላት ደግሞ ከሐኪሞቹ አብልጦ የሚስቅ የለም። እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት ዋዛ ለውጭ ሰው እንግዳ ቢመስልም፣ ከየት እንደ መጣ ሲመረመር ከሁለት መቶ ዓመት የሚበልጥ ታሪክ ያለው ሆኖ ይገኛል። እኛም ታሪኩን ከዋዛው ጋር አያይዘን ለአንባብያን ለማቅረብ አስበናል። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሐኪም በቀድሞ ዘመን የበሽተኛውን የደም ሥር ምት በጣቱ ይይዝ ነበር እንጂ ደረቱ ውስጥ ስላለው ነገር የሚያውቅበት መንገድ ጥቂት ነበር። በ1761 ሌኦፖልድ አውንብሩገር የተባለ የኦስትሪያ ሐኪም ደረትን በጣት ጫፍ እየመቱ ከድምፁ በሽታን መለየት እንደሚቻል የሚገልጽ መጽሐፍ አሳተመ። አባቱ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ስለ ነበረ፣ ልጁ የወይን በርሚል እየተመታ ጉድለቱ ሲታወቅ በማየት ሐሳቡን አገኘ ይባላል። ጋኑን በጣቱ እያንኳኳ የጠላውን ልክ የሚያውቅ ሰው በእኛም አገር ስላለ ነገሩ አያስደንቀንም። ሆኖም መጽሐፉን በዘመኑ ልብ ያለው ሰው ጥቂት ነበር። የናፖሌዎን ሐኪም የነበረው ኮርቪዛር በ1808 ወደ ፈረንሳይኛ ተርጕሞ እስኪያወጣው ድረስ ተረስቶ ቀረ።

የኮርቪዛር ተማሪ ከነበሩት አንዱ ሬኔ ላኤኔክ ነው። ይህ ሰው በ1781 በፈረንሳይ አገር በብሪታኒ ክፍል ተወለደ። ሰውነቱ ቀጭንና ደካማ፣ ጠባዩ ጭምት፣ ዋሽንት መንፋት የሚወድ ሰው ነበር። በ1816 በፓሪስ በኔኬር ሆስፒታል ሳለ የልብ ሕመም ምልክት የታየባት አንዲት ወጣት ሴት ወደ እርሱ መጣች። ሴትዮዋ ወፍራም ስለ ነበረች ደረቷን መምታት ብዙ የሚገልጸው ነገር አልነበረም። በዚያ ዘመን አንዳንድ ሐኪሞች ጆሯቸውን በበሽተኛው ደረት ላይ ለጥፈው ያዳምጡ ነበር፤ ዳሩ ግን የሴትዮዋ ዕድሜና ሴትነቷ ላኤኔክን ይህን እንዳያደርግ ከለከሉት። ጥቂት ካሰበ በኋላ በረጅም እንጨት አንድ ጫፍ ላይ በመርፌ ሲጫር በሌላው ጫፍ ጆሮውን ለደገፈ ሰው ድምፁ ጐልቶ እንደሚሰማ ትዝ አለው። ወዲያው ጥቂት ወረቀት አጥብቆ ጠቅልሎ አንዱን ጫፍ በሴትዮዋ ደረት፣ ሌላውን በጆሮው ላይ አደረገ። የልቧንም ምት ከዚያ በፊት ጆሮውን ለጥፎ ሰምቶት ከሚያውቀው ይልቅ ጥርት ብሎ ሰማው። እነሆ ዛሬ በሐኪም አንገት ላይ ተንጠልጥሎ የምናየው ማዳመጫ፣ ማለት ስቴቶስኮፕ፣ የይሉኝታ ልጅ ነው ለማለት ይቻላል።

ላኤኔክ ከዚህ በኋላ መሣሪያውን በእጁ ከእንጨት እየጠረበ አሻሻለው፤ በ1819ም በሁለት ቅጽ የተከፈለ መጽሐፍ አወጣ። ለእኛ ነገር ዋናው ይህ መጽሐፍ ነው። ላኤኔክ ከዚያ በፊት ስም ያልነበራቸውን ድምፆች ሰምቶ ነበርና ለአንባቢው የሚያስረዳበት ቃል መፈለግ ነበረበት። ስለዚህም በየቤቱና በየሥራ ቦታው የሚሰማውን ድምፅ ሁሉ ለእርዳታ ጠራ። አንዱን ድምፅ የወናፍ ንፋት፣ ሌላውን የመጋዝ፣ ሌላውን የሞረድ ድምፅ አለው። በደረት ላይ በእጅ የሚዳሰሰውን ንዝረት ደግሞ የምትንኰራፋ ድመት ጀርባ ሲዳሰስ ከሚሰማው ጋር አመሳሰለው። በአንድ በሽተኛ አንገት የደም ሥር ውስጥ የሰማው ድምፅ ከፍና ዝቅ እያለ ዜማ መስሎ ቢሰማው፣ ዋሽንት ነፊ ነበርና፣ በሙዚቃ ምልክት ጻፈው።

በእኛ አገር የዜማ ሊቃውንት ከግእዙ መስመር በላይ በቀጫጭን ፊደል የሚጽፉትን ምልክት የምናውቅ ሰዎች ይህን ስንሰማ ነገሩ ቅርባችን ይሆናል። በዚያ ምልክት አንድ ወይም ሁለት ፊደል አንድን ሙሉ የዜማ ሐረግ ያመለክታል። ነገር ግን ፊደሉ ዜማውን አይዝም፤ ዜማው ያለው በመሪጌታው ጆሮ ውስጥ ነው። ዜማውን ከመምህር አፍ ሳይሰማ ምልክቱን ብቻ ያጠና ተማሪ ቢኖር መጽሐፉን ገልጦ ዝም ከማለት በቀር የሚያደርገው የለም። የሐኪሞች አሕጽሮትም ጠባዩ ይኸው ነው። በፊደሉ ኋላ የተሰማ ድምፅ ካለ ፊደሉ ብዙ ይናገራል፤ ከሌለ ግን ባዶ ቀለም ነው። ዋዛው ሁሉ የሚበቅለው በዚህ ላይ ነው።

ላኤኔክ ያልተሳሳተ ሰው አልነበረም። የመጀመሪያውን የልብ ድምፅ ከታችኞቹ የልብ ክፍሎች መኰማተር ጋር ካያያዘ በኋላ፣ ሁለተኛው የሚመጣው ከላይኞቹ ክፍሎች መኰማተር ነው ብሎ ጻፈ። ይህ ትክክል እንዳልሆነ የታወቀው እርሱ ከሞተ በኋላ ነው። በ1832 ሩዋኔ የተባለ ፈረንሳዊ ድምፁ የልብ በሮች፣ ማለት ቫልቮቹ፣ ሲዘጉ የሚሰማ ነው አለ። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ጄምስ ሆፕ የተባለው ሐኪም ከ1830 ጀምሮ አህዮችን አደንዝዞ ደረታቸውን በመክፈት፣ የሚሰማውን ድምፅ በዓይን ከሚያየው የልብ እንቅስቃሴ ጋር ያስተያይ ነበር። አህያ ከሸክም ሌላ ለሰው ልጅ የዋለችው ውለታ በተቈጠረ ጊዜ ይህም እንዲጨመርላት ይገባል። ቻርልስ ዊሊያምስ የተባለው የሆፕ ባላንጣ ደግሞ ለሁለቱ ድምፆች «ላብ፤ ዳፕ» የሚል የድምፅ ስም አወጣላቸው። ስሙም እስከ ዛሬ በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ትምህርት ቤት ይነገራል። አማርኛችን «ድው ድው» ወይም «ትር ትር» ሲል የልብን ፍጥነትና ድንጋጤ ይነግረናል እንጂ አንደኛውን ድምፅ ከሁለተኛው አይለይም። የሐኪሙ ሥራ ግን ከዚያ ልዩነት ይጀምራል።

በ1870ዎቹ ፖታን የተባለ የፓሪስ ሐኪም ከሁለቱ ድምፆች ሌላ ሦስተኛ ተጨምሮ ልብ እንደ ፈረስ ኮቴ በሚመታበት ጊዜ የሚሰማውን በሰፊው ገለጠ፤ ስሙንም ከቡዮ አግኝቼዋለሁ ብሎ «የግልቢያ ድምፅ» አለው። እንግዲህ እስከዚህ ድረስ የልብ መዝገብ ወናፍ፣ መጋዝ፣ ሞረድ፣ ድመትና ፈረስ የሞሉበት ሰፊ ግቢ ነበር። ሐኪሙም ስለ አንድ በሽተኛ ልብ ገጽ ሙሉ ይጽፍ ነበር።

ታዲያ ይህ ሁሉ ወደ ሦስት ፊደል የወረደው ለምንድን ነው? ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ዋናው ግን የመዝገብ ቤት ነገር ይመስለኛል። ሐኪም ማስታወሻውን ለራሱ በደብተር በሚጽፍበት ዘመን እንደ ወደደ ይጽፍ ነበር። በ1907 በአሜሪካ አገር በማዮ ክሊኒክ ሄንሪ ፕላመር የተባለው ሐኪም ለእያንዳንዱ በሽተኛ አንድ ቍጥርና አንድ ፋይል እንዲኖረው አደረገ። በመዝገብ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ይህን ሰው ከታላላቅ ሊቃውንት ጋር ብንቈጥረው አያስወቅሰንም። አንድ ፋይል ሲኖር ግን ጸሐፊው ብዙ፣ አንባቢው ብዙ፣ ባዶው ቦታ ጥቂት ይሆናል። ሆስፒታሎች እየሰፉ ሄዱ፤ አንድ ወጣት ሐኪም በአንድ ሌሊት የሚቀበለው በሽተኛ በዛ፤ ጠበቃና የመድን ኩባንያም መዝገቡን ማንበብ ጀመሩ። በዚህን ጊዜ ልብ ለብዙ ቃል የሚሆን ቦታ አጣ።

አሁን ወደ ፊደላቱ እንምጣ። በአሜሪካ ሆስፒታሎች ከሁሉ የታወቀው «አር አር አር» የሚባለው ነው። ሲዘረዘር «ሬጉላር ሬት ኤንድ ሪዝም» ይሆናል፤ ይኸውም «የልቡ ምት ቍጥርና የምቱ ሥርዓት ሳይዛነፍ የተስተካከለ ነው» ማለት ነው። ቃላት አጥብቀው የሚመዝኑ አስተማሪዎች በዚህ ላይ ሁልጊዜ ይስቃሉ። የምት ቍጥር በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስንት ነው የሚባል ነገር ነውና ብዙ፣ ጥቂት ወይም መካከለኛ ይባላል እንጂ የተስተካከለ ወይም የተዛነፈ አይባልም፤ ይህ የሚባለው ስለ ምቱ ሥርዓት ነው። የአንድን ሠራተኛ ደመወዝ ስንት ነው ብለው ቢጠይቁን «ቀኑን ጠብቆ ይከፈላል» ብለን ብንመልስ ይህን ይመስላል። ቀኑን ጠብቆ መከፈሉ መልካም ነው፤ ደመወዙ ግን ስንት እንደ ሆነ አልተነገረንም። ሦስቱ አሮች ግን በአፍ ላይ ስለሚጥሙ ማንም ሊተዋቸው አልቻለም።

የእንግሊዝ ሐኪሞች በሌላ መንገድ ሄዱ። ጤነኛ ልብ ሲሰሙ «1 + 2 + 0» ብለው ይጽፋሉ። አንደኛው ድምፅ አለ፤ ሁለተኛውም አለ፤ የተጨመረ ነገር የለም ማለታቸው ነው። ይህ ድምር የሒሳብ አስተማሪ ቢያየው ሦስት ይላል። በዕድሜ በገፋ ሰው ደረት ውስጥ ግን ሦስት መስማት ብዙ ጊዜ የልብ ድካም ምልክት ነው። ስለዚህ በሕክምና ቤት ይህ ድምር ተደምሮ ሦስት እንዳይሆን ይጸለያል።

ከሁሉ ይልቅ ለመሥሪያ ቤት ሰው የሚጥመው ግን «ኤም፣ አር፣ ጂ የለም» የሚለው ነው። ኤም «መርመር»፣ አር «ረብ»፣ ጂ «ጋሎፕ» ማለት ነው። ጋሎፕ ያው የፖታን ፈረስ ነው። ረብ የልብ መሸፈኛው ተቈጥቶ ሲፋተግ የሚሰማ ድምፅ ነው። መርመር ደግሞ ደም በጠበበ ወይም ባልገጠመ በር ሲያልፍ የሚያሰማው ነው፤ የቃሉ ትርጕም በላቲንም በእንግሊዝኛም ማጉረምረም ነው። እንግዲህ ፊደላቱ ወደ አማርኛ ሲመለሱ «አያጉረመርምም፤ አይፋተግም፤ አይጋልብም» የሚል የምስክር ወረቀት ይወጣቸዋል። ይህ ለልብ ከመሰጠቱ በፊት ለስንት ሠራተኛ በዓመት መጨረሻ ሪፖርት ላይ ሊሰጥ ይችል ነበር! በልቡ የማያጉረመርም ሰው ጥቂት መሆኑን ግን አለቆችም ሐኪሞችም ያውቃሉ።

ተማሪዎች ሦስተኛውን ድምፅ ከአራተኛው ለመለየት የሚያጠኑበት ዘዴም መነገር አለበት። በአሜሪካ ያሉ ሁለት ክፍላተ ሀገር፣ ኬንታኪና ቴነሲ፣ በዚህ ረገድ የሕክምና ቃል ሆነዋል። ልብ «ኬን-ታ-ኪ» ብሎ ሲመታ ትርፉ ድምፅ መጨረሻ ላይ ነውና ሦስተኛው ነው፤ «ቴ-ነ-ሲ» ሲል ደግሞ ትርፉ መጀመሪያ ላይ ነውና አራተኛው ነው። ወደ ሁለቱም ያልሄደ ተማሪ በፈተና ቀን በሁለቱ ድንበር ላይ ቆሞ ይጨነቃል።

የማጉረምረሙ ልክ በቍጥር እንዲጻፍ ያደረጉት የቦስተኑ ሐኪም ሳሙኤል ሌቪንና የሥራ ባልደረባው ፍሪማን ናቸው። በ1933 ባወጡት ጽሑፍ ድምፁን ከአንድ እስከ ስድስት ከፈሉት። አንደኛው እጅግ ደካማ ስለሆነ ሐኪሙ ጥቂት ጊዜ ጸጥ ብሎ ጆሮውን ካላስለመደ በቀር አይሰማም፤ ስድስተኛው ግን ማዳመጫው ከደረት ጥቂት ቢነሣም እንኳ ይሰማል። ይህ መልካም ሚዛን ወዲያው ሌላ የዋዛ ሚዛን ወለደ። በዋዛው ሚዛን አንደኛ ማለት የልብ ሐኪሙ ብቻ የሚሰማው፣ ሁለተኛ ማለት ተራው ሐኪም የሚሰማው፣ ሦስተኛ ማለት ተማሪውም ሳይቀር የሚሰማው ነው። ፕሮፌሰሩ በአልጋው ዙሪያ ቆሞ «ሰማችሁ?» ሲል ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። ከነቀነቁት ራሶች ውስጥ ስንቱ እንደ ሰማ የሚያውቅ የለም።

ከዚህ የሚቀጥለው ዋዛ ግን ፈገግታው ጥቂት መራራ ነው። «ደብልዩ ኤን ኤል» የሚባሉት ሦስት ፊደላት ሲዘረዘሩ «ዊዚን ኖርማል ሊሚትስ» ናቸው፤ «በተለመደው ጤናማ ወሰን ውስጥ ነው» ማለት ነው። ሐኪሞቹ ግን እርስ በርሳቸው ሲዘረዝሯቸው «ዊ ኔቨር ሉክድ» ይሏቸዋል፤ «ከቶ አላየንም» ማለት ነው። የእንግሊዞቹ «ኤን ኤ ዲ» እንዲሁ ነው። በመዝገቡ ላይ «እንከን አልተገኘም» ሲሆን፣ በሻይ ሰዓት «ኖት አክቹዋሊ ደን» ይሆናል፤ «እውነቱን ለመናገር አልተሠራም» እንደ ማለት። «ታይቷል» ከተባለችው ቃላችን ጋር ዝምድናቸው እዚህ ላይ ይታያል።

እንዲህ ያለውን ዋዛ የፈጠረው ጠላት ወይም ጋዜጠኛ አይደለም። ሌሊቱን በሙሉ ቆሞ ያደረ ወጣት ሐኪም ነው። ማንም ሳይጠይቀው የራሱን ወገን ጕድለት በሳቅ አስመስሎ መናገሩን እንደ ትንሽ ነገር ልንቈጥረው አይገባም። አንድ ሙያ ስለ ራሱ እንዲህ ያለ ዋዛ ካለው፣ ጕድለቱን የሚያውቅ ሰው በውስጡ አለ ማለት ነው።

ጕድለቱም የዋዛ ብቻ አልነበረም። በ1997 በአሜሪካ አገር ማንጆኒና ኒማን የተባሉ ሁለት ሐኪሞች 453 በልምምድ ላይ ያሉ ወጣት ሐኪሞችንና 88 የሕክምና ተማሪዎችን የተቀዳ የልብ ድምፅ እያሰሙ ፈተኗቸው። ተፈታኞቹ በትክክል የለዩት በአማካይ ከ100 ወደ 20 የሚሆነውን ብቻ ነበር። እንግዲህ በየመዝገቡ «ማጉረምረም የለም» የሚለው መስመር በተጻፈ ቍጥር ነገሩ አለመኖሩን ወይስ አለመሰማቱን እንደሚናገር መጠርጠር ይቻላል። በቋንቋችን «ልብ ማለት» የሚለው ቃል አተኵሮ ማስተዋልን ያመለክታል። ልብን የሚያዳምጥ ሰው ልብ ሳይል ሲቀር የሚሆነው ይህ ነው።

የጽሕፈት መኪናው ቦታ በኮምፒዩተር ከተያዘ በኋላ ነገሩ ተባባሰ። የአሜሪካ መንግሥት በ2009 ባወጣው ሕግ ሆስፒታሎች መዝገባቸውን በኮምፒዩተር እንዲይዙ በገንዘብ ስለ ደገፈ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወረቀቱ ሁሉ ወደ መስኮት ገባ። ከዚህ በኋላ ሐኪሙ ፊደሎቹን እንኳ መጻፍ አላስፈለገውም። የትናንቱን ማስታወሻ ገልብጦ ዛሬ ላይ ማስቀመጥ ቻለ፤ አንዲት ቍልፍ ሲነካም ሙሉ ምርመራ ከነ«አር አር አር» በራሱ ተጽፎ ይወጣል። በዚህ ላይ ሐኪሞች የሚነጋገሩት ቀልድ ብዙ ነው። አንድ እግሩ የተቈረጠ ሰው በመዝገቡ ላይ የሁለቱም እግሮቹ የደም ሥር ምት መልካም መሆኑ ይነበባል። ከደከመ ልብ ጎን ደም የሚገፋ ሞተር የተተከለላቸው ሰዎች ደግሞ አሉ፤ ሞተሩ ደሙን ሳያቋርጥ ስለሚገፋው የብዙዎቹ የደም ሥር ምት በጣት አይያዝም፤ ደረታቸውም ሲደመጥ የሚሰማው የሞተሩ እምምታ ነው። የእንዲህ ያለ ሰው መዝገብ «የተስተካከለ ምት፤ ማጉረምረም የለም» ሲል ማዳመጫው ከአንገት አለመውረዱን ለማወቅ ዳኛ አያሻም።

አሕጽሮት ሌላም ጠንቅ አለው፤ አንባቢው ሌላ ሰው ሲሆን ትርጕሙ ይለወጣል። «ኤስ ኦ ቢ» በሐኪም መዝገብ «ሾርትነስ ኦቭ ብሬዝ»፣ ማለት የትንፋሽ ማጠር ነው፤ የልብ በሽተኞች መዝገብም በእርሱ የተሞላ ነው። በአሜሪካ ጎዳና ግን እነዚሁ ፊደላት «የውሻ ልጅ» ከሚለው ስድብ ጋር አንድ ናቸው። በሽተኛ መዝገቡን በማያይበት ዘመን ይህ ምንም ጉዳት አልነበረውም። በእንግሊዝ አገር በ1990 የወጣው ሕግ በሽተኛ የራሱን መዝገብ እንዲያይ መብት ሰጠው። በአሜሪካም ከ2021 ሚያዝያ ወር ጀምሮ ሐኪም የጻፈው ማስታወሻ ሳይዘገይ ለበሽተኛው እንዲገለጥ በሕግ ተደነገገ። ስለዚህ በአንድ ማለዳ መዝገባቸውን በእጅ ስልካቸው ከፍተው «በሽተኛው የውሻ ልጅ ነው» የሚል የሚመስል ቃል ያነበቡ ሽማግሌ ቢቈጡ አይፈረድባቸውም።

በ2003 የእንግሊዝ ሐኪሞች ባልደረቦቻቸው በመዝገብ ላይ የሚጽፉትን ድብቅ አሕጽሮት ሰብስበው ባሳተሙ ጊዜ፣ ይህ ልማድ እየሞተ መሆኑ ይነገር ነበር። አንድ ሐኪም በበሽተኛ መዝገብ ላይ «ቲ ቲ ኤፍ ኦ» ብሎ ጽፎ ኖሮ ዳኛ ትርጕሙን በጠየቀው ጊዜ «ፈሳሽ በአፉ እንዲወስድ ተነገረው» ማለት ነው ብሎ አመለጠ ተብሎ ይተረካል። እውነተኛው ትርጕም በዚህ መጽሔት ላይ የሚጻፍ አይደለም። አሕጽሮት ከስድብ የከፋ ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችልም ታውቋል። የአሜሪካ ሆስፒታሎችን የሚመዝነው ድርጅት በ2004 ከእንግዲህ እንዳይጻፉ የከለከላቸው አሕጽሮቶች አሉ። ከእነዚህም አንዱ ለመድኃኒት መለኪያ የሚጻፈው «ዩ» ነው፤ በጥድፊያ ሲጻፍ ዜሮ ይመስላልና 4 የነበረው የኢንሱሊን መጠን 40 ሆኖ እንዳይነበብ ተፈርቶ ነው። የልብ ፊደላት ግን በዚያ ክልከላ ውስጥ አልገቡም፤ ማንንም በቀጥታ መርዘው አይገድሉምና።

በቀጥታ አይገድሉም ማለት ግን ጉዳት የላቸውም ማለት አይደለም። በአገራችን የሕክምና ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ የእኛም ሐኪሞች መዝገብ የሚጽፉት በእነዚሁ ፊደላት ነው። የእኛ ሰው የልብ ሕመም ግን ከአሜሪካው በብዙ ይለያል። በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ሳይታከም ሲቀር ሩማቲክ የሚባለው ትኵሳት ይከተላል፤ እርሱም የልብን በሮች ያቈስላል። ዓመታት ካለፉ በኋላ በግራ በኩል ያለው በር ጠባሳ ይዞ ይጠብባል። ብዙ ወጣቶች፣ ይልቁንም ሴቶች፣ በዚህ ሕመም ይያዛሉ። ልጅቱ ውኃ ስትቀዳ ወይም ዳገት ስትወጣ ከመድከሟ በቀር ምንም ላይታወቃት ይችላል። ከባዱ ጊዜ የሚመጣው ባረገዘች ጊዜ ነው፤ ደሟ ሲበዛና ልቧ ሲፈጥን ጠባቡ በር አላሳልፍ ይልና ሳንባዋ ውኃ ይቋጥራል።

ይህ የጠበበ በር የሚያሰማው ማጉረምረም ከሁሉ ይልቅ ዝቅ ያለና ለጆሮ አስቸጋሪ ነው፤ እንደ ሩቅ ነጐድጓድ ያለ ነው። በጀርባዋ ተኝታ፣ ልብሷ ሳይገለጥ፣ ሰው በሚንጫጫበት ክፍል ለተደመጠች ልጅ አይሰማም። ሐኪሙ በግራ ጎኗ ያስተኛታል፤ የልቧን ጫፍ በጣቱ ፈልጎ ያገኛል፤ በማዳመጫው ባለ ደወሉን ፊት አስነክቶ፣ ሳይጫን ይይዛል፤ ክፍሉንም ጸጥ ያሰኛል። ያን ጊዜ ከሁለተኛው ድምፅ በኋላ የሚመጣውን ነጐድጓድ ይሰማል። በመዝገቡም ላይ በየትኛው ጎኗ ተኝታ፣ በየትኛው ቦታ፣ ከየትኛው ድምፅ በኋላ፣ ምን ያህል ርዝመት እንደ ሰማ ይጽፋል። ይህ ከላኤኔክ መስመሮች ጋር የሚመሳሰል ረጅም መስመር ነው፤ ወረቀቱም ጠብቦት ወደ ኅዳጉ ይወጣል።